ስትመጪ 17 ሰዓት፣ ስትመለሺ 13

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ታኅሣሥ 12

ውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሆዴ ገፍቷል፤ ሐኪሟ የካቲት አጋማሽ ትወልጃለሽ ብላኛለች።

ባለፈው በስልክ ሰማይ ላይ ስንት ሰዓት እንደምትቆዪ ጠይቀሽኝ 17 ብልሽ ዝም አልሽ። ቀጥለሽም «የጎረቤታችን ልጅ ከዚያ በ13 ሰዓት ገባሁ አለች፤ የእኔ ለምን በዛ?» አልሽኝ። መስመሩ ተቆረጠና ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ፈርተሽ እንዳትቀሪብኝ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ።

እማዬ፣ እሷም እውነቷን ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ዳለስ አየር ማረፊያ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ 38 ጊዜ መሄድ ማለት ነው፤ ግን አንቺ ግማሽ ቀን የምትደክሚበትን ያንን መንገድ አውሮፕላን በ20 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ርቀቱ ሲመጣም ሲመለስም ያው ነው። የሚለየው ነፋሱ ነው። አውሮፕላኑ በሚበርበት ከፍታ ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ወደ አገር ቤት የሚሄደውን ከኋላው ይገፋዋል፣ ወደዚህ የሚመጣውን ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ መውረድና ከበረሃው ወደ ጎሃ ጽዮን መውጣት መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል?

ሁለተኛው ምክንያት ቦሌ ራሱ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ደግሞ የክንፉም የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ከነሰውና ከነሻንጣው ይዞ መነሣት ይከብደዋል፤ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። እኔ ስመጣ ደብሊን ላይ አርፈን፣ ከወንበራችን ሳንነሣ ነዳጅ ተቀድቶ ጉዟችንን ቀጠልን። አደራሽን፣ መሬት ስለነካ ብቻ ደረስኩ ብለሽ ለመውረድ እንዳትነሺ። አስተናጋጇን ጠይቂ፤ አማርኛ ይናገራሉ።

ርካሽ ትኬት ነበር፤ ግን ሁለት ቦታ አውሮፕላን ያስቀይራል። ቋንቋውን በማታውቂው አገር፣ በሌሊት በር ፍለጋ ስትንከራተቺ እያየሁ አልወልድም። ስለ ገንዘቡ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።

ዊልቸር አስመዝግቤልሻለሁ። «እግሬ ደህና፣ እኔ ምን ሆኜ» እንደምትይ አውቃለሁ። ስለ እግርሽ አይደለም፤ የሚገፋሽ ሰው ፓስፖርት እስከሚታይበት፣ ከዚያም እስከ ሻንጣሽ ያደርስሻል። የብዙ ሰው እናት እንዲሁ ነው የምትመጣው። የደም ግፊት መድኃኒትሽን በእጅ ቦርሳሽ ያዢ። በየሁለት ሰዓቱ ተነሥተሽ ወዲያ ወዲህ በዪ፤ ሲቀመጡ እግር ያብጣል። የገንፎውን ዱቄትና በርበሬውን አምጪ፤ ቋንጣውን ተዪው፣ ሥጋ አያሳልፉም።

ማታ 4 ሰዓት ተኩል ግድም ተነሥተሽ እዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ትደርሻለሽ። ያኔ ደብረ ማርቆስ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ እኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነን። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሌሊት ነቅተሽ ቀን እንቅልፍ ይጥልሻል። ተኚ፤ ማንም አይቀሰቅስሽም። ከዳለስ ቤታችን በመኪና 45 ደቂቃ ነው፤ አልጋሽ ተነጥፏል፣ መስኮቱ በፀሐይ መውጫ በኩል ነው።

የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ።

ናፋቂ ልጅሽ