«እስኪ ሥራህን ልየው» ያስከፈለኝ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ለአዲስ ነጋዴዎች ምክር ስትጽፉ ሁሌም ስለ ብድርና ስለ ንግድ ፈቃድ ነው። እባካችሁ ስለ ቅጥርም ጻፉ።

ፍኖተ ሰላም ላይ ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ። ፈቃድ አወጣሁ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያዝኩ፣ በቃ ሕጋዊ ነኝ ብዬ ተኛሁ። ጋጋሪውን ልጅ የቀጠርኩት በቃል ነው። «እትዬ፣ ደመወዜስ?» ሲለኝ «እስኪ ሥራህን ልየው» አልኩት። በአምስተኛው ወር አሰናበትኩት። ከሰሰኝ። «ለሙከራ ነበር» ብል ዳኛው ጽሑፉን ጠየቁኝ። የምን ጽሑፍ!

ያለኝ አንድ ሊጥ የነካው ደብተር ነው። በእርሳስ «ዱቄት 2 ኩንታል፣ እርሾ፣ ለልጁ 500» ይላል። ያው ደብተር በእኔው ላይ መሰከረ።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን፣ አዋጅ 1156/2011ን፣ ያነበብኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ሙከራ በጽሑፍ ካልተስማማችሁበት ሙከራ አይባልም፤ ቢጻፍም ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። ውሉ በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው ይሰጣል። ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። የዳቦ ቤት ሥራ ደግሞ ሌሊት ነው፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ሰዓት ደመወዝ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። እኔ እኮ ሻይና ትኩስ ዳቦ የሚበቃ መስሎኝ ነበር!

ገንዘቡን ከፍያለሁ። ልጁ አሁን ሌላ ቤት ይጋግራል፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል። አሁን ያሉኝ ሁለት ሠራተኞች የፈረሙት ውል መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ቅጂው በእጃቸው አለ።

የዳቦ ቤት ባለቤት
ከፍኖተ ሰላም