ለሶፕራኖዋ ማይክ አታቁሙላት

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

አንዲት ወጣት የኦፔራ ድምፃዊት የመጀመሪያ ብቸኛ ኮንሰርቷን ጎንደር ላይ ልታቀርብ ነው መባሉን ተከትሎ ቀድሞ የተነሳው ጥያቄ «ስንት ስፒከር ይበቃል?» የሚል ነው። ለእሷ ድምፅ አንድም አያስፈልግም። የሠለጠነ ሶፕራኖ (ከፍተኛው የሴት ድምፅ) በአንድ ሜትር ርቀት ሲለካ ከ100 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ሊያልፍ ይችላል፤ የሰው ተራ ወግ 60 ገደማ ነው። ማይክ አፏ ሥር ሲቆም ከፍተኛው ኖታ ይሰነጠቃል፣ ትንፋሿ ይጎላል፣ ድምፁም ከእሷ ሳይሆን ከአዳራሹ ጥግ የመጣ ይመስላል። ደግሞስ መብራት ቢጠፋ? ያለ ማይክ የምትዘፍን አታቋርጥም፤ ጥቂት የባትሪ መብራት ይበቃታል። መስኮት ሥር የሚነሳ ጄኔሬተር ግን ለስላሳውን ዜማ ሁሉ ይውጠዋል።

ለስፒከር ኪራይ የታሰበው ገንዘብ ለአዳራሹና ለፒያኖው ይዋል።

«ፋሲል ግቢ ለምን አይሆንም?» የሚሉ አሉ። የአፄ ዳዊት የዘፈን ቤት እዚያው ስላለ ሐሳቡ ያጓጓል። ግን ጣሪያ የሌለው ቦታ ድምፅን ወደ ሰማይ ይሸኛል እንጂ ለሰሚ አያደርስም።

አዳራሽ ለመምረጥ መሀሉ ላይ ቆሞ አንዴ ማጨብጨብ ነው። ጭብጨባው «ጠጠጠጠ» እያለ ከተመለሰ፣ ሁለት ፊት ለፊት የቆሙ የሲሚንቶ ግድግዳዎች ድምፁን እየተቀባበሉት ነው ማለት ነው። በአንደኛው ላይ ብቻ ወፍራም መጋረጃ ወይም ምንጣፍ ይሰቀል፤ ሁለቱም ከተሸፈኑ ድምፁ ይታፈናል። ከጀርባዋ ግን መጋረጃ አይኑር። ጠንካራ እንጨት ወይም ባዶ ግድግዳ ድምጿን ወደ ሕዝቡ ይመልሰዋል። በልምምድ ቀን አዳራሹ እንደ ዋሻ ቢያስተጋባ አትደንግጡ፣ ሰው ሲገባ ይረግባል። ምሽቱ በርዶ ሕዝቡ ጋቢ ደርቦ ከመጣማ እያንዳንዱ ጋቢ የድርሻውን ድምፅ ይጠጣል።

ፒያኖ 230 ያህል ክሮች አሉት፤ በመኪና ተጭኖ ሲመጣ ቅኝቱ ይዛባል። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ቀን ይረፍና በኮንሰርቱ ዕለት ጠዋት ይቃኝ። ኪቦርድ ብቻ ከተገኘ ስፒከሩ ከአጃቢው እግር ሥር ይቀመጥ፣ ዜማውና አጀባው ከአንድ ቦታ እንዲመጡ።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ አገር በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ረጅሙን ሐረግ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ይከብዳል። ዘፋኟ ከዝቅተኛ አገር የምትመጣ ከሆነ ሦስት አራት ቀን ቀድማ ትግባ። በበጋ ደረቅ አየርና አቧራ ይጨመራሉ፦ መድረኩ በዋዜማው በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ቡናው ይፈላ፣ ዕጣኑ ግን ከአዳራሹ ርቆ ይጨስ።

ከሁሉ የሚብሰው የንግግር ነገር ነው። ዘፋኝ ከመድረክ በፊት 20 ደቂቃ ያህል ድምጿን ታሟሙቃለች። ከዚያ የክብር እንግዶች አርባ ደቂቃ ሲናገሩ ከመጋረጃ ጀርባ ከቆመች ያሟሟቀችው ሁሉ ይቀዘቅዛል። ንግግሩ አጥሮ ወደ ዕረፍቱ ይዛወር። ዘፈኑ ራሱ ከአንድ ሰዓት እስከ 70 ደቂቃ ቢሆን ለአንድ ወጣት ድምፅ በቂ ነው፤ በሁለት ክፍል፣ መሀሉ ላይ 15 ደቂቃ ዕረፍት። ከባዱ አሪያ (የኦፔራ ብቸኛ ዜማ) መክፈቻ አይሁን፣ ደክማ የምትዘፍነው መዝጊያም አይሁን።

የአማርኛ ዜማ ከተጨመረ (ይጨመራል ብለን እንገምታለን) አንድ ነገር ይታወቅ። የሶፕራኖ ድምፅ ከ700 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ገደማ በላይ ሲወጣ አናባቢዎች መለያየታቸውን ያጣሉ፤ አፉ ስለሚከፈት ሁሉም ወደ «ኣ» ይጠጋል። «ፍቅር» የሚለው ቃል ከፍተኛው ኖታ ላይ ከተቀመጠ «ፋቃር» ሆኖ ይሰማል፣ «ቅ» ደግሞ ትንፋሹን ይቆርጠዋል። የእሷ ጥፋት አይደለም። ዜማውን ለመድረክ የሚያዘጋጀው ሰው ከፍተኛውን ኖታ እንደ «ሀገር» ባለ ቃል «ሀ» ላይ ያሳርፈው። አንቺ ሆዬ ቅኝት ደግሞ በፒያኖ ቁልፎች ልክ አይገኝም፤ ለዚያ አንድ ማሲንቆ ቢያጅባት ይሻላል። ጎንደር የማሲንቆ ተጫዋች አይቸግራትም።

የጣሊያንኛውና የጀርመንኛው ግጥም በአማርኛ ተተርጉሞ ይታደል፣ የአዳራሹም መብራት ለንባብ ያህል ይተው። ወረቀቱ ግን ማንኛውም ዘፈን ሳያልቅ ገጽ እንዳይገለጥ ሆኖ ይታተም፤ የመቶ ሰው ወረቀት አብሮ ሲንኮሻኮሽ ለስላሳውን ኖታ ያጠፋዋል።

የድምፅና የአዳራሽ አኮስቲክ ሙያተኞች
ጎንደር