የሙያ ምክርና ዝግጅት ክበብ በ2017 ዓ.ም.

ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል የሚሰበሰቡትን ልጆች ያላየ የለም። መስኮቷ የተሰበረው፣ ድሮ የስፖርት ዕቃ የሚቀመጥባት ክፍል ናት። የኛ ክበብ ቤት እሷ ናት። ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመታችንን ጨረስን።

መስከረም ላይ የዘንድሮውን ዓመት ስንጀምር የ2016 የ12ኛ ክፍል ውጤት ገና መውጣቱ ነበር። በአገር ደረጃ የማለፊያ ነጥብ ያመጣው 5.4 በመቶ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ደግሞ 3.3 እና 3.2 በመቶ ነበር። መምህራን ክፍል ሻይ እየጠጣን ስለነዚህ ቁጥሮች ስንት ቀን እንዳወራን ባልደረቦቼ ያስታውሳሉ። ወሬው ሁሌ የሚያልቀው ስላለፉት ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የቀሩት ናቸው። እነዚያ ልጆች ሰኞ ጠዋት ተነስተው ወዴት ይሄዳሉ? ብዙዎቹ እኮ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ቆመው አገኛቸዋለሁ። ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። "ቲቸር" ብለው ሰላም ይሉኛል፤ ምን እየሠራችሁ ነው ስላቸው መሬት መሬት ያያሉ።

ክበቡ የተነሳው ከዚህ ነው። ይህን የምጽፈው አንድ አስተያየት ስላለ ነው። በወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይ "ክበቡ ተማሪ ያዘናጋል፣ ስለ ቴክኒክና ሙያ እያወራ ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ እንዳይመኙ ያደርጋል" ተብሏል። ወላጅ ስለ ልጁ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ግን እንዲህ አይደለም። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታችን ነው። ከልጆቻችን ብዙዎቹ ጠዋትና ማታ በአጥሩ በኩል ያልፋሉ። እዚያ መግባት ይመኛሉ፣ እኔም እመኝላቸዋለሁ። እኛ የምንለው አንድ በር ብቻ አታሳዩዋቸው ነው። በሩ የተዘጋበት ልጅ ሌላ በር መኖሩን ካላወቀ ደጅ ላይ ይቀራል። ደግሞ ለምን እንደሚማር ያወቀ ልጅ አይዘናጋም። ቅየሳ ያለ ትሪጎኖሜትሪ እንደማይሆን የሰሙ ሦስት ልጆች፣ ማንም ሳይጠራቸው የቅዳሜ የሒሳብ ማጠናከሪያ መግባት ጀምረዋል። የሒሳብ መምህሩን መጠየቅ ይቻላል።

መደበኛ ሥራችንን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሃያ ስድስት ጊዜ ተሰብስበናል። ሲቪ መጻፍ፣ የማመልከቻ ደብዳቤ፣ የቃለ መጠይቅ ልምምድ። ፋይዳ መታወቂያ ያላወጡት እንዲያወጡ ገፋፍተናል። በኢንተርኔት በሚሰጠው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች የኮምፒውተር ሥልጠና ላይ ተመዝግበው የምስክር ወረቀት የያዙ አሥራ አንድ ልጆች አሉን። ሥልጠናው በነጻ ነው፤ ኢንተርኔቱ ግን በነጻ አይደለም። የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ካሉት ማሽኖች የሚነሱት ሰባት ናቸው። ስለዚህ ልጆቹ ሥልጠናውን የጨረሱት በእናትና አባታቸው ስልክ፣ ሌሊት ሌሊት፣ የሌሊት ጥቅል እየገዙ ነው። ይህን በበጎ አንብቡልኝ፤ ግን አንብቡልኝ።

የሥራ ማስታወቂያ ግድግዳችን ግን ትንሽ ቆም ብዬ ላወራው ይገባል። ከአዲስ ዘመንና ከሪፖርተር ጋዜጣ የቆየ ቅጂ እየለመንን የሥራ ማስታወቂያዎችን ቆርጠን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ደመወዙን ብቻ ነበር የሚፈልጉት። ከሁለት ወር በኋላ ግን ሌላ ነገር ማየት ጀመሩ። "ቲቸር፣ ይሄ ደረጃ 3 እና 4 ይላል፤ ዲግሪ አይልም።" "ይሄኛው ሲኦሲ ያለው ብሎ ይጠይቃል፤ ሲኦሲ ምንድነው?" በዚያ ቀን ሲኦሲ፣ ማለትም የብቃት ምዘና፣ ምን እንደሆነ፣ የሙያ ሥልጠና ደረጃም ከ1 እስከ 5 እንዴት እንደሚሄድ ሰሌዳው ላይ ሣልኩላቸው። አብዛኛው ቤተሰብ አሁንም በልቡ የያዘው የድሮውን ነው። ያኔ የ10ኛ ክፍል ፈተና ሚዛኑ ነበር፤ ያልሆነለት ወደ ቴክኒክ ይሄድ ነበር። ፈተናው ከቀረ ዓመታት ቢያልፉም "ወድቆ ቴክኒክ ገባ" የሚለው ንግግር አልቀረም። ልጆቹ ከቤት ይዘውት ይመጣሉ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ንም አብረን አንብበናል። ደረቅ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል እንደሆነ፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ መሥራት እንደሌለበት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም እንዳያሠሩት አዋጁ ይላል። በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ዳቦ ቤት የሠራ የ11ኛ ክፍል ልጅ አለን። ጣቱን እያጠፈ ሲቆጥር አየሁት። "እኔ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር የምገባው" አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ሰባት እጆች ባንዴ ወጡ። ሁሉም የሚናገረው ነበረው።

አሁን ወደ ሚያዝያው ጉዞ ልምጣ። የዘንድሮው ዓመት ለኔ ያ ቀን ነው።

ተግባረ እድ ፖሊ ቴክኒክን እንጎብኝ ብለን ተስማማን። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ በአገራችን የሙያ ትምህርት ታሪክ ስሙ ቀድሞ የሚነሳ ቤት ነው። አውቶቡስ እንዲፈቀድልን ደብዳቤ ጽፈን ነበር፤ መልስ ሳይመጣ ቀኑ ደረሰ። ሠላሳ ስምንት ልጆችን ይዘን በታክሲ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ በባቡር ሜክሲኮ ደረስን። የባዮሎጂ መምህርቷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን በየፌርማታው እንቆጥራቸው ነበር። ከልጆቹ መሀል ባቡሩ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡ ነበሩ።

የብየዳው ወርክሾፕ ጋ ስንደርስ አሠልጣኙ አንድ ቀጭን ዘንግ አንስተው "ይህ ምንድነው? ሲጠቀሙበትስ ምን መጠንቀቅ ያስፈልጋል?" ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰም። የኛ ልጆች እንግዳ ቦታ ላይ ዝም ይላሉ። ከኋላ ግን አንድ ድምፅ መጣ።

"ኤሌክትሮድ ነው። እርጥበት እንዳይነካው ነው።"

የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስሜ እንዳይጻፍ ብላኛለችና አልጽፍም። በዓመቱ ውስጥ ሳትጠየቅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ለክበቡ ስትመዘገብ የወላጅ ሥራ በሚለው ቦታ "የግል" ብላ ጽፋ አልፋው ነበር።

"እርጥበት ከነካውስ?" አሏት አሠልጣኙ።

"ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ላዩን ሲያዩት የያዘ ይመስላል እንጂ አይዝም። አባቴ ክረምት ክረምት ከምድጃው አጠገብ አስቀምጦ ያደርቀዋል። እናቴ ወጥ ስትሠራ ተው ሽሮዬ ውስጥ ትከትብኛለህ ትለዋለች።"

ልጆቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች። አሠልጣኙ ግን አልሳቁም። ወደ ጥግ ወስደው አንድ ሳጥን ከፈቱላት። የኤሌክትሮድ ማድረቂያ ነው። "አባትሽ በምድጃ የሚሠራውን እኛ በዚህ ነው የምንሠራው። ትክክል ነው የሚሠራው" አሏት። ከዚያ የራሳቸውን ጓንትና ማስክ ሰጥተው አጠገባቸው አቆሟት። ብልጭታው ሲነሳ ሌሎቹ ዞር ሲሉ እሷ ጭምብሉን ዝቅ አድርጋ ስታይ ነበር። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የቀረውን ጥቁር ቅርፊት በመዶሻ ቀስ አድርጋ አራገፈችው። እጇ ለመደው። ከሥሩ የወጣው መስመር እንደ ሽሩባ ተራ በተራ የተደረደረ ነበር።

ስንመለስ ባቡር ላይ አጠገቤ ቆመች። "ቲቸር፣ አባቴ እኮ በር ሠሪ ነው" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እኔም ምንም ማለት አቃተኝ።

በሁለተኛው ሳምንት አባቷን ክበባችን ጋበዝን። ልጃቸውን ካስመዘገቡበት ቀን ወዲህ የትምህርት ቤቱን በር አልፈው አያውቁም። ሲመጡ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ በፌስታል ሁለት ቁራጭ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ይዘው መጡ። ሁለቱም ተበይደዋል። ልጆቹ የቱ ይሻላል ሲባሉ አብዛኞቹ የሚያብረቀርቀውን መረጡ። እሳቸው መሬት ላይ አስቀምጠው በመዶሻ አንድ ጊዜ መቱት። ለሁለት ተከፈለ። ሌላውን ደግመው ደጋግመው መቱት፤ ብረቱ ጎበጠ እንጂ ብየዳው አልተላቀቀም። "የተሰበረውን ቀለም ስለቀባሁት ነው ያማረው" አሉ። ከዚያ ጥያቄው ዘነበ። ጋሼ፣ ማሽኑ ስንት ብር ነው? ጋሼ፣ ሴት ትቀጥራለህ ወይ? ጋሼ፣ ዓይንህን አያምህም? ሁሉንም መለሱ። ዓይናቸውን እንደሚያማቸውም አልደበቁም። ሥራ ሲጀምሩ ማስክ የሚገዛላቸው አልነበረም። "እናንተ በትምህርት ብታገኙት ያለ ማስክ አትጀምሩም" ሲሏቸው ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው አልነበረም። ልጃቸው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ነበር።

ያልተሳካልንም አለ። ግንቦት ላይ አንድ ፋብሪካ ልንጎበኝ ደብዳቤ ጨርሰን፣ ቀን ተቀጥሮልን ሄደን በር ላይ ተመለስን። ልጆቹ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ቆመዋል። የ12ኛ ክፍል አባሎቻችን ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ወደ ፈተና ዝግጅት ስለገቡ መስከረም ላይ 61 የነበርነው ሰኔ ላይ 40 ሆነን ቀረን። የቃለ መጠይቅ ልምምዱን ከውጭ በመጣ ባለሙያ ልናካሂድ ያሰብነው አልሆነም፤ እኔው ራሴ አሠሪ ሆኜ ተቀመጥኩ። እና አንድ ልጅ አጥተናል። መጋቢት ላይ ትምህርቱን ትቶ የሚኒባስ ረዳት ሆነ። ቤቱ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። እናቱ ታማለች፣ ታናናሾች አሉት። በአንድ ክበብ የሚፈታ አይደለም። አንዳንድ ቀን ታክሲው ውስጥ አገኘዋለሁ፤ ሒሳብ አይቀበለኝም። በግድ ነው የምሰጠው።

የሚያስፈልገንን በግልጽ ልናገር። ዘንድሮ ከትምህርት ቤቱ ለክበቡ የተመደበ ገንዘብ አልነበረም። የጉዞውን የታክሲና የባቡር ሒሳብ የከፈልነው መምህራን አዋጥተን፣ ወላጆችም በቻሉት ጨምረው ነው። ትምህርት ቤቱ ስንት ቦታ እንደሚወጠር አውቃለሁ፤ ወንበርም ጎድሎናል። ግን ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ጉዞ የሚያስኬድ የመጓጓዣ ወጪ፣ ከማይነሱት ኮምፒውተሮች አምስቱን የሚያስጠግን ገንዘብና ለኢንተርኔት የሚሆን ነገር ቢታሰብልን ብዙ ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ተምራችሁ ሥራ የያዛችሁ ደግሞ ገንዘብ ባይኖራችሁ አንድ ሐሙስ ስጡን። ነርስም ሁኑ፣ ቀያሽም፣ የጸጉር ባለሙያም፣ ሾፌርም ሁኑ፤ መጥታችሁ ሥራችሁን አውሩላቸው። አበል የለንም። ሻይ አለን።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የልጅቷ አባት ያን ቀን ሲሄዱ የሥራ ማስታወቂያ የምንለጥፍበትን ግድግዳ አዩት። ዝናብ ከመስኮቱ እየገባ ወረቀቱን አበላሽቶታል። "ይሄ ውጭ የሚቆም ሰሌዳ ያስፈልገዋል፤ ክዳን ያለው" አሉ። በእርምጃ ለኩት። በልጃቸው ደብተር ላይ ሣሉት። ቱቦላሬና ላሜራ ስንት እንደሚያስፈልግ ከሥሩ ጻፉ። የእጃቸውን አይጠይቁም፤ ብረቱን ብቻ ነው እኛ የምንገዛው። ወረቀቱን ለርዕሰ መምህሩ አስገብቻለሁ፣ ኮፒው ኪሴ ውስጥ ነው። ልጅቷ በየሐሙሱ "ብረቱ ተገዛ?" ትለኛለች። ክረምቱ ሳይገባ ቢገዛልን እሷም መበየዱን ታግዛቸዋለች።

የክበቡ አስተባባሪ መምህር
ሰኔ 2017 ዓ.ም.