የሳይንስ ክበብ፦ ኤፒታሎን የቀማን ዓመት

ባሕር ዳር ውስጥ የሳይንስ ክበብ ካለ እምቦጭ አለ። የዘንድሮው ዕቅዳችንም እንደ ወትሮው እምቦጭ ነበር። ከሐይቁ ዳር ማምጣት፣ ማድረቅ፣ መመዘን፣ ፖስተር መሥራት። መስከረም ላይ ለርዕሰ መምህሩ ያስገባነው ወረቀት ይህንኑ ይላል። የሆነው ግን ሌላ ነው።

ጥቅምት ላይ አንዲት የ11ኛ ክፍል አባላችን ስልኳን ይዛ መጣች። ቲክቶክ ላይ አንድ ጎረምሳ ትንሽ ብልቃጥ እያሳየ «እርጅናን ወደ ኋላ የሚመልስ ፔፕታይድ» ይላል። ስሙ ኤፒታሎን። አክስቷ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ሊያስመጡት አስበዋል። «ቲቸር፣ እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ። ረቡዕ ከሰዓት የተነሳው ጥያቄ እስከ ሰኔ ይዞን ከረመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፒታሎን በላብራቶሪ የሚሠራ አጭር ፔፕታይድ፣ ማለትም የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። አራት አሚኖ አሲዶች ብቻ አሉት። አላኒን፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ አስፓርቲክ አሲድና ግላይሲን፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። አገሩ ሩሲያ ነው። ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ቭላድሚር ካቪንሰን የሚባሉ፣ የጦር ሠራዊት ሐኪም የነበሩ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሠሩት። መነሻው ከከብት ፒኒያል ዕጢ የሚወጣ ኤፒታላሚን የሚባል ነገር ነበር። ፒኒያል አንጎል ውስጥ ያለች፣ ሌሊት ሌሊት ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን የምታመነጭ ትንሽ ዕጢ ናት። ካቪንሰን እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ አርፈዋል።

ልጆቹ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ካልኩሌተር ነው። የአራቱን ሞለኪውላዊ ክብደት ደመሩ፤ 89.09፣ 147.13፣ 133.10 እና 75.07። 444.39 መጣ። አራቱን ለማያያዝ ሦስት ትስስር ይበቃል። በእያንዳንዱ ትስስር ደግሞ አንድ የውሃ ሞለኪውል ይወጣል። 18.015 ሦስት ጊዜ ሲቀነስ 390.3 ገደማ ቀረ። ስለ ኤፒታሎን የተጻፈውም ቁጥር ይኸው ነው። ክፍሉ ጎል የገባ ያህል ጮኸ። ይህንኑ ኬሚስትሪ ለዓመታት በጠመኔ ሳስተምር ማንም ጮሆልኝ አያውቅም።

ከዚያ የባዩሬት ሙከራ ሠራን፤ መዳብ ሰልፌት ያለበት ፈሳሽ ፕሮቲን ሲያገኝ ሐምራዊ ይሆናል። የእንቁላል ነጩ፣ ወተትና የቀረሶ ዓሣ መረቅ ቀረቡ። የእንቁላሉ ወዲያው ሐምራዊ ሆነ። ሽሮም ሞክረናል፤ እሱ ግን በገዛ ቀለሙ አጨቃጨቀን። ከዚህ ሙከራ የወጣው ጥሩ ጥያቄ የአንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ ነው። «ብልቃጡ ውስጥ ያለው ኤፒታሎን መሆኑን በዚህ ማወቅ ይቻላል?» አይቻልም። ባዩሬት ቢበዛ የፔፕታይድ ትስስር መኖሩን ይነግራል እንጂ የማን እንደሆነ አይለይም። አራቱ አሚኖ አሲዶች በ24 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊደረደሩ ይችላሉ፤ የሁሉም ክብደት ደግሞ አንድ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡት ብልቃጦች ብዙዎቹ «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ አለባቸው። ሻጩ ግን ስለ ምርምር ሳይሆን ስለ ቆዳ ነው የሚያወራው።

ታኅሣሥንና ጥርን የበላው ቴሎሜር ነው። ያልተቋጨ ነጠላ ከጫፉ ይተረተራል፤ በሴል ውስጥ ዲኤንኤ የተጠቀለለበት ክሮሞዞምም ጫፉ ላይ መቋጫ አለው፣ እሱ ቴሎሜር ይባላል። በሰው ላይ ቲ-ቲ-ኤ-ጂ-ጂ-ጂ የሚለው የዲኤንኤ ፊደል በሺዎች ጊዜ እየተደጋገመ ነው የተሠራው። ሴል በተከፋፈለ ቁጥር ትንሽ ያጥራል። ሊዮናርድ ሄይፍሊክ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳየው፣ የላብራቶሪ ሳህን ላይ የሚያድጉ ተራ የሰው ሴሎች ከ40 እስከ 60 ጊዜ ያህል ተከፋፍለው ያቆማሉ። ያጠረውን መልሶ የሚያስረዝም ኢንዛይም ግን አለ፣ ቴሎሜሬዝ። አብዛኞቹ የሰውነታችን ሴሎች ይህን ኢንዛይም ዘግተውታል። የካቪንሰን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ዘገባ፣ ኤፒታሎን የተጨመረባቸው የሰው ፅንስ ሴሎች ቴሎሜሬዛቸው ተከፍቶ ቴሎሜራቸው ረዘመ ይላል። ቲክቶኩ ላይ የሚወራው ሁሉ ከዚህ የተቀዳ ነው።

ቴሎሜሬዝ እንዴት ተገኘ የሚለው ደግሞ እኛን ወደ ጣና መለሰን። ካሮል ግራይደርና ኤልዛቤት ብላክበርን እ.ኤ.አ. በ1984 ያገኙት ቴትራሃይሜና በምትባል፣ ኩሬ ውስጥ በምትኖር ባለ አንድ ሴል ፍጥረት ላይ ነው። ሁለቱ ከጃክ ሾስታክ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ኖቤል ተሸልመዋል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ወርደው በሃይላንድ ውሃ ቀድተው መጡ። ማይክሮስኮፑ ሥር ባለ ጸጉር ጥቃቅን ፍጥረታት ሲሯሯጡ አየን። ቴትራሃይሜና ትሁን አትሁን በእኛ ማይክሮስኮፕ መለየት አልቻልንም። ቢሆንም ምሳ ሰዓት አልፎም ወረፋው አላለቀም ነበር። እምቦጩም ከሥሩ ጋር መጥቶ ስለነበር የመስከረሙን ዕቅድ ሙሉ በሙሉ አልከዳንም ብለን ተጽናንተናል።

ወደ አይጦቹ ልምጣ። የዓመቱ ምርጥ ክርክር እዚህ ላይ ነበር። ቭላድሚር አኒሲሞቭና ባልደረቦቻቸው፣ ካቪንሰንም አሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ለሴት አይጦች በየወሩ ለአምስት ተከታታይ ቀን ኤፒታሎን ወጓቸው። 54 አይጦች መድኃኒቱን፣ 54 ጨዋማ ውሃ ብቻ። በውጤቱ ከፍተኛው ዕድሜ በ12.3 በመቶ ረዘመ። መጨረሻ ላይ የቀሩት አስር በመቶዎቹ ዕድሜም በ13.3 በመቶ። ማስታወቂያው የሚያነሳው ይህንን ነው። እዚያው ጽሑፍ ላይ ያለውን ሌላ ዓረፍተ ነገር ግን አያነሳም፤ አማካይ ዕድሜ አልተለወጠም።

«እንዴት ሁለቱም ይሆናል?» ብለው ተፋጠጡ። አንዷ «ዋሽተዋል» አለች። አልዋሹም፣ ራሳቸው ናቸው የጻፉት። 54 ቁራጭ ወረቀት ቆረጥንና እንደ ልባችን የኖሩበትን ቀን ጻፍንባቸው። አማካዩን ወደ 500 አደረግነው፣ የመጨረሻዎቹን አምስት 740 አልናቸው። ከዚያ የአምስቱን ብቻ በ13.3 በመቶ አሳደግን። አማካዩ በ9 ቀን ገደማ ብቻ ከፍ አለ። የ54 አስር በመቶ አምስት አይጥ መሆኑን ያኔ ነው ሁሉም ያየው። ስለ አምስት አይጥ ነው የምናወራው! አንዱ ልጅ ግን እስካሁን አልተረታም። «ቲቸር፣ አምስቱ ውስጥ እኔ ብሆንስ?» ይላል። ወደ መጨረሻው የሚደርሱት ላይ ብቻ የሚሠራ ነገር ሊኖር ይችላል ባይ ነው። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ ግን በአምስት አይጥ አይረጋገጥም።

ሌላው ጥያቄ ካንሰር ነው። ከአስር ካንሰሮች ዘጠኝ ያህሉ ቴሎሜሬዝን ከፍተው ነው የሚባዙት። ታዲያ መክፈቱ አያስፈራም? አይጦቹ ላይ የደም ካንሰር ቀነሰ እንጂ አልጨመረም ይላል ጥናቱ። ግን የአይጥ ሴል እንደ ሰው ቴሎሜሬዙን አጥብቆ አይዘጋም፤ ስለዚህ ከአይጥ ወደ ሰው በቀጥታ መዝለል አያዋጣም። ሰው ላይ በዕጣ ተከፋፍሎ የተሠራ ትልቅ ሙከራ የለም። አብዛኛው ሥራ ከዚያው ከሴንት ፒተርስበርግ ቡድን የወጣ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እንደ መድኃኒት አልፈቀደውም።

ልጆቹ ለዚህ ሁሉ አንድ ደብተር ከፈቱ። በግራ በኩል የተባለው ነገር ይጻፋል፣ በቀኝ ደግሞ «በማን ላይ ታየ?» የሚል አምድ አለ፤ ሳህን፣ አይጥ ወይስ ሰው። የሰው አምድ እንዴት ባዶ እንደሆነ ብታዩ! በእኔ ግምት ከፖስተሩም ከአውደ ርዕዩም የሚበልጠው ይህ ደብተር ነው።

አውደ ርዕዩ ጥሩ ነበር፤ ሰው መጣ፣ ፎቶ ተነሣን። ከሥነ ጽሑፍ ክበብ ጋር ያደረግነው ክርክር ግን በጩኸት አለቀ። በሚኒ ሚዲያ ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶን ስለ ነጠላው ምሳሌ ብቻ አውርተን አለቀብን።

አክስትዮዋም በወላጆች ቀን መጡ። የወረቀት አይጦቹን ቆመው አዳመጡና «ሰው ላይስ ስንት ሰው ሞከረው?» አሉ። ልጅቷ ደብተሩን አሳየቻቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ለማዲያትስ ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። ለማዲያት የቆዳ ሐኪም ጋ ይሂዱ አልናቸው። ማስመጣቱን ትተውታል፣ ቢያንስ ለጊዜው።

ለሚመጣው ዓመት ደብተሩን ለ10ኛ ክፍሎች አስረክበናል። ከወዲሁ ኮላጅን የሚል ገጽ ከፍተዋል። የማይክሮስኮፑ አምፖል ተቃጥሏል፤ መዳብ ሰልፌትም አልቋል። በዚህ በኩል መርዳት የሚችል ወላጅ ካለ ረቡዕ ከሰዓት ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ያገኘናል።