መድኃኒት የሌለበት መርፌ

ለውድና ለተከበሩ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔና ልጆቹ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ትንሿ የልጅ ልጅዎ በስልክ «እማዬ ግንባሯ ላይ መርፌ ተወግታ ትተኛለች» ካለችዎት ወዲህ እንቅልፍ እንዳጡ፣ ክርስትና ስሜንም ለንስሐ አባትዎ ለጸሎት እንደ ሰጡ እህቴ ነገረችኝ። ደብቄዎት የያዝኩት በሽታ የለም። የምሄደው አኩፓንክቸር ወደሚባለው የቻይና መርፌ ሕክምና ሲሆን የምሄድበትም ምክንያት ጭንቀት ነው።

ዕድሜዎን ሙሉ በድሬሰርነት ያገለገሉ ሰው ስለ ሆኑ ነገሩን በዝርዝር ብነግርዎ ይሻላል። እርስዎ የመስታወቱን ሲሪንጅ ከነመርፌው ቀቅለው ካወጡ በኋላ፣ ጫፉ መዶልዶሙን ለማወቅ በጥጥ ላይ እየጎተቱ ሲፈትሹት አጠገብዎ ቆሜ አይ ነበር። ያ መርፌ ወፍራምና ውስጡ ክፍት ነበር። ይህኛው ግን ድፍን ነው፤ ውፍረቱም አብዛኛውን ጊዜ ከሚሊ ሜትር ሩብ ገደማ አያልፍም፤ በውስጡ የሚያልፍ መድኃኒትም የለም። ስለ ንጽሕናው አይስጉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 መርፌውን ከሙከራ መሣሪያነት አውጥቶ ለሕክምና ሲፈቅደው፣ ከጀርም የጸዳና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል እንዲሆን ደንግጓል። ሐኪሟ እሽጉን ፊቴ ቀድዳ ታወጣዋለች፤ ሲነቀልም እዚያው ሳጥን ውስጥ ይጣላል።

የምንታከመው በአንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ፣ ወደ ኋላ በሚለጠጡ ወንበሮች ላይ ከሌሎች ሰዎች ጋር ጎን ለጎን ተኝተን ነው፤ ዋጋውም ስለዚህ ይቀንሳል። መርፌው በሁለቱ ቅንድቦች መካከል፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መገናኛ፣ በእጅ አንጓ ውስጠኛው በኩልና ከጉልበት በታች ይገባል። በጆሮዬ ላይ ደግሞ አምስት ቦታ ትወጋኛለች። ይህ የጆሮው ስልት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኒውዮርክ ሳውዝ ብሮንክስ በሚገኘው ሊንከን ሆስፒታል የሱስ ሕሙማንን ለማገዝ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ ከባድ ድንጋጤ ላገኛቸው ሰዎችም ይሰጣል። ሲገባ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ቦታው ይከብዳል፣ ክብደቱም ቀስ እያለ ይሰፋል። ቻይናዎቹ ቺ የሚሉት ኃይል ደረሰ ማለት ነው ይላሉ፤ የእኛ ዘመን ተመራማሪዎች ደግሞ ነርቮች ሲነኩ አንጎል ኢንዶርፊን የተባለውን ሕመም አስታጋሽ ቅመም ያመነጫል ይላሉ። እቴቴ ለራስ ምታቷ ዋግምት ስትታገም ይቆጧት ስለ ነበር፣ ይህንንም ሲያነቡ ራስዎን እንደሚነቀንቁ አውቃለሁ።

ጥርጣሬዎም ያለ ምክንያት አይደለም። ቆዳ ነክቶ ሳይገባ ከሚመለስ የማስመሰያ መርፌ ጋር ሲወዳደር፣ የእውነተኛው ብልጫ በብዙ ጥናቶች ትንሽ ሆኖ ተገኝቷል። ሥር ለሰደደ የጀርባና የጉልበት ሕመም ማስረጃው ይሻላል፤ ለጭንቀት ግን ደከም ያለ ነው። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ትከሻዬ ወርዶ፣ መንጋጋዬ ላልቶ አገኘዋለሁ፤ ማታም እተኛለሁ። ይህ የመርፌው ሥራ ይሁን ወይስ ስልኬን ዘግቼ ግማሽ ሰዓት ጋደም የማለቴ፣ ለይቼ መናገር አልችልም። ስልኬን የምዘጋው እዚያ ብቻ ነውና።

ትልቁ ልጅ በቁመት አልፎኛል፤ ሒሳብ ይወዳል፣ አማርኛውን ግን ጥሎታል። ትንሿ ጥርሷ ወልቋል፤ እርስዎ ጋ ልካው ጣራ ላይ እንዲጥሉላት ትፈልጋለች።

ስልክ ለምን እንደሚያስፈራኝ እርስዎ ያውቃሉ፤ አንድም ቀን ግን ተነጋግረንበት አናውቅም። እቴቴ አርፋ፣ ተቀብራ፣ አርባዋ እየተቃረበ ሳለ እኔ በየሳምንቱ እየደወልኩ «ጠበል ሄዳለች፣ እዚያ ስልክ አይሠራም» ይባልልኝ ነበር። የላክሁላትን የደም ግፊት መድኃኒት እንኳን «ደርሷታል» ብለውኛል። ከዚያ አንድ ንጋት ላይ የሰፈራችን ሐበሾች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሬን አንኳኩ። በባዕድ አገር ብቻዬን ደንግጬ እንዳልጎዳ ብለው እንዳደረጉት፣ አሳቢነትዎም ከፍቅር እንደ ሆነ ይገባኛል። ይሁን እንጂ አባባ፣ ከዚያ ወዲህ «ደህና ነን» ሲሉኝ ማመን አቃተኝ። ስልክ በሌሊት ሲጮኽ ልቤ ይዘላል፤ ሳይጮኽ ሲቀርም ይዘላል። የምወጋው ለዚህ ነው፤ መርፌው ደግሞ የሰውነቴን መወጠር ያላላልኝ እንደ ሆነ እንጂ እዚያ ያለውን እውነት አይነግረኝም።

አሁንም ከአልጋ ሲነሱ ዓይንዎ ጨልሞ ግድግዳ ይዘው እንደሚቆሙ የሰማሁት ከእህቴ አፍ አምልጦ ነው። ለጉልበትዎም የቻይና ሐኪሞች ዘንድ ውሰጂኝ ብለዋት ኖሯል። ጥሩ ነው፤ ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የሐኪሞች ቡድን ትልካለች፤ አዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ ባለው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ይሠራሉ። ነገር ግን መጀመሪያ የማዞሩ ምክንያት ይታወቅ። የግፊት ክኒንዎን በመርፌ ተክተው እንዳያቆሙ እለምንዎታለሁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ተሰጥቶዎት ከሆነ ከመወጋትዎ በፊት ይንገሯቸው፤ ጾመው አይሂዱ፤ ሲጨርሱም ቀስ ብለው ይነሡ፣ አንዳንድ ሰው ራሱን ይስታልና።

ለምርመራው የሚሆን ገንዘብ በእህቴ ስም ልኬያለሁ። ውጤቱን፣ ክፉም ቢሆን፣ በእርስዎ አንደበት ይንገሩኝ፤ ሽማግሌ አይላኩብኝ። ረቡዕ በእናንተ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ስልኬ ዝግ ነው፤ ከዚያ ውጭ በማንኛውም ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ይደውሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ