ቅዳሜ የኮብራውን የአየር ቱቦና የእግር ቦታ ላሜራ እንሠራለን

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት በ9 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር) አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ባለው ጋራዥ ተገናኝተን፣ በእጃችን እየሠራነው ላለው የኮብራ (የድሮ ስፖርት መኪና) ኮፒ የእግር ቦታውን ላሜራና የአየር ቱቦውን እንገጥማለን። ምንጣፉ ከመነጠፉ በፊት ይህ ማለቅ አለበት።

የ1965ቱ ኮብራ 427 እግር በማቃጠል ይታወቃል። ትልቁን ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተርና ጭስ ማውጫውን ከሹፌሩ እግር የሚለየው ስስ ግድግዳ ነው። የቨርጂኒያ ሐምሌ ሲጨመርበት ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ንጹሕ አየር ከፊት አፍንጫው በቱቦ ወደ ሁለቱም እግር ቦታዎች እናመጣለን። ቅርጹን መጀመሪያ በካርቶን አውጥተን፣ ፔዳሎቹን ረግጠን እንዳይነካ እናያለን። ካርቶኑ ልክ ሳይሆን 1 ሚሊሜትሩ አሉሚኒየም እንዳይቆረጥ፣ አደራ! ክፍተቱ ሁሉ ሙቀት በሚችል ሲሊኮን ይደፈናል። አለዚያ ጭስ ወደ መኪናው ውስጥ ይገባል።

የላሜራ መቀስ፣ ድሪል ወይም የሪቬት መምቻ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ለሁሉም ግዴታ ነው።

ዳሽቦርዱ ጥቁር ቆዳ ይልበስ ወይስ አሉሚኒየሙ ይታይ? እኔ ቆዳውን እመርጣለሁ፤ አሉሚኒየም ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል።

መምጣታችሁንና ምርጫችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን።