ለውድ ደንበኞቻችን፦ ስለ ሁለቱ የኢንተርኔት መስመሮቻችሁ አዲስ አሠራር

ባሕር ዳር

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ካለፈው ወር ወዲህ ስልኬ አላረፈም። አብዛኛው ጥሪ አንድ ዓይነት ነው፦ «የምንከፍለው ለሁለት መስመር ነው፤ ፍጥነት ስንለካ የሚወጣው ግን የአንዱ ብቻ ነው። ሌላው የት ገባ?» አንዳንዶቻችሁም ከዚህ አልፋችሁ ሁለተኛውን መስመር ለሌላ ቢሮ አካፍለነዋል ብላችሁ ጠርጥራችሁናል። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። የሁለቱን መስመሮች አሠራር በለወጥንበት ሰሞን ሥራችሁ ለተስተጓጎለባችሁ ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሠራሩን ግን ወደ ቀድሞው አልመልሰውም። ምክንያቱን በስልክ በጥድፊያ ከምነግራችሁ ተረጋግቼ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው ይህን ደብዳቤ የላክሁት።

የተለወጠው ነገር ይህ ነው። ቀድሞ ራውተራችሁ፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ለቢሮው ኮምፒውተሮች የሚያከፋፍለው መሣሪያ፣ እያንዳንዱን ግንኙነት በየተራ ለሁለቱ መስመሮች፣ በኬብል ለሚመጣው ፋይበርና ያለ ኬብል ለሚመጣው የአንቴና መስመር፣ ያድል ነበር። አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት ከጀርባው ብዙ ግንኙነቶች አብረው ስለሚከፈቱ ጽሑፉ በአንዱ መስመር፣ ፎቶው በሌላው ይመጣ ነበር። አሁን አንድ ኮምፒውተር አንድ መስመር ይዞ ይውላል። የጎረቤቱ ኮምፒውተር ደግሞ ሌላውን ይዞ ይሆናል።

ለምን እንዲህ እንዳደረግን ለማስረዳት ራውተሩ ምን እንደሚሠራ ልናገር። በቢሮአችሁ ያለ ኮምፒውተር የያዘው አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.25፣ የውስጥ አድራሻ ነው። በዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ቢሮና ቤት ይህንኑ ቁጥር ይጠቀማል፤ ከግቢ ሲወጣ ግን ዋጋ የለውም። አይፒ ቪ4 በሚባለው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት ያሉት አድራሻዎች በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ስለሆኑ ለእያንዳንዱ መሣሪያ አይዳረሱም። ስለዚህ ራውተሩ እንደ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራል። ከየክፍሉ የመጣውን ደብዳቤ ተቀብሎ የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም ይመታበታል፤ ቁጥር ሰጥቶም መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል። መልሱ ያንኑ ቁጥር ጠቅሶ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለባለ ጉዳዩ ጠረጴዛ ያደርሰዋል። እኛ ባለሙያዎች ኤንኤቲ የምንለው የአድራሻ ልወጣ ይኸው ነው።

ሁለት አቅራቢ ያለው ቢሮ ታዲያ ሁለት ማኅተም አለው ማለት ነው። በአንዱ ማኅተም የተጀመረ ጉዳይ በመሐል በሌላው ማኅተም ሲቀጥል ተቀባዩ «እናንተ ደግሞ እነማን ናችሁ?» ይላል። ችግሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

በሐይቁ ዳር ያለች አንዲት የጉዞ ወኪል ደንበኛችን ቢሮ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወደ ዘጌ ሊሻገሩ የተዘጋጁ እንግዶች በር ላይ ይጠብቃሉ፤ እሷ የመመለሻ በረራቸውን ትከፍላለች። የባንኩ ገጽ ተከፈተ። የማረጋገጫ ቁጥሩ በስልኳ ገባላት፤ ስድስቱን አሃዝ ጽፋ «ቀጥል» የሚለውን ስትጫን ገጹ ተመልሶ መግቢያው ላይ ቆመ። ደገመችው፤ ያው ሆነ። እንግዶቹ ሰዓታቸውን ሲያዩ እሷ ላብ በላብ ሆነች። እኔ የራውተሩን መዝገብ ስከፍት የመጀመሪያው ግንኙነት በፋይበሩ ወጥቷል፤ ቁጥሩን የያዘው ግን በአንቴናው መስመር። ባንኩ ያየው አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ በሁለት አድራሻ ሲገባ ነው። ማስወጣቱም ተገቢ ነው፤ የሚጠብቀው የእናንተኑ ገንዘብ ነውና። ተጨማሪ እሴት ታክስ በወሩ መጨረሻ የምታሳውቁ የሒሳብ ባለሙያዎችም ቅጹን ግማሽ ድረስ ሞልታችሁ ስትባረሩ ስንት ጊዜ እንደደወላችሁልን ታስታውሳላችሁ።

«እንግዲያው ባንኩንና ግብሩን ብቻ ለይታችሁ በአንድ መስመር አውጡት» ያሉን ነበሩ። ይህንንም ሠርተን አይተነዋል። የእነዚህ ድረ ገጾች አድራሻ አንድ ቦታ አይረጋም። ዛሬ የሞላ ዝርዝር ነገ ይጎድላል፤ የሚጎድለውም ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን ነው። ኮምፒውተሩን ከነሥራው በአንድ መስመር ላይ ማዋል የሚሻለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፍጥነቱ ልምጣ። ፋይበሩ 10 ሜጋ፣ አንቴናው 5 ሜጋ ቢሆን ለአንድ ፋይል 15 ሜጋ አይሆኑም፤ በቀድሞውም አሠራር ሆነው አያውቁም። አንድ ፋይል የሚወርደው ባብዛኛው በአንድ ግንኙነት ነው፤ አንድ ግንኙነት ደግሞ ከአንድ አድራሻ በላይ ሊይዝ አይችልም። የፍጥነት መለኪያው ግን ብዙ ግንኙነቶችን ባንድ ጊዜ ስለሚከፍት ቀድሞ የሁለቱን መስመር ድምር ያሳያችሁ ነበር። አሁን ኮምፒውተሩ የያዘውን መስመር ብቻ ያሳያል። የጠፋ ነገር የለም። የተጠራጠራችሁ ካላችሁ በተለያየ መስመር ላይ ባሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ባንድ ሰዓት ለኩ፤ ድምሩ ይመጣላችኋል። በሁለቱም ላይ የውጭ አይፒ አድራሻችሁን፣ ማለትም ከግቢ ውጭ የምትታወቁበትን ቁጥር፣ ብታዩ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ታገኛላችሁ። እነዚያ ሁለቱ የናንተ መስመሮች ናቸው። አንዷን ሜጋ እንኳ ለማንም አልሰጠሁም።

ድልድሉም በጭፍን አይደለም። ፋይበሩ የአንቴናው እጥፍ በሆነበት ቢሮ ከሦስት ኮምፒውተር ሁለቱ በፋይበሩ ይወጣሉ። እርግጥ ነው፣ ራውተሩ የሚያየው የኮምፒውተሩን አድራሻ እንጂ የባለቤቱን ሥራ ስላልሆነ፣ ቪዲዮ የሚጭኑ ሁለት ሠራተኞች አንድ መስመር ላይ ሊገጥሙ ይችላሉ። ያን ጊዜ ንገሩን፤ አንዱን በእጃችን እናዛውረዋለን፤ ያለ ክፍያ።

አንደኛው መስመር ሲቋረጥስ? ብዙዎች የሞደሙ መብራት ከበራ ኢንተርኔት አለ ይላሉ። መብራቱ በርቶ ኬብሉ ከከተማ ውጭ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ራውተራችሁ በየጥቂት ሰከንዱ ሞደሙን አልፎ ሩቅ ያለ አድራሻን ይጠይቃል፤ መልስ ሲያጣ በዚያ መስመር ላይ ያሉትን ሁሉ ወደ ሌላው ያሻግራል። በዚያች ቅጽበት የተጀመረ የቪዲዮ ስብሰባ ይቋረጣል፤ ባንክ ውስጥ የነበረ ሰውም እንደገና ይገባል፤ አድራሻው ተለውጧልና። ይህን የሚያስቀር ራውተር አልሸጥኩላችሁም፤ በዚህ ዋጋ ሊሸጥላችሁ የሚችልም የለም። መስመሩ ሲመለስም ራውተሩ ወዲያው አይመልሳችሁም፤ መርጋቱን አይቶ ነው። በክረምቱ መብረቅና መብራት ሲጠፋ ሲመጣ ስንት ጊዜ እንደሚዋዥቅ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ካሜራ ያላችሁ እንግዳ ማረፊያዎች አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በሞባይል ኔትወርክ የሚመጣ መስመር ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለብዙ ደንበኛ የሚጋራ አድራሻ ነው፤ በ100.64 የሚጀምር ከሆነ እሱ ነው። በዚያ በኩል ከውጭ ወደ ቢሮአችሁ በቀጥታ መግባት አይቻልም። ስለዚህ የካሜራ መቅረጫውን ቋሚ አድራሻ ባለው ፋይበር ላይ አስረነዋል። «ጎንደር ሆነን ካሜራችንን ማየት አቃተን» ያላችሁኝም፣ ያቃታችሁ ፋይበሩ ተቋርጦ ስለነበር ነው።

ስለ ክፍያው ደግሞ። ከመስከረም ጀምሮ በወርኃዊ የጥገና ክፍያ ላይ 300 ብር መጨመራችን እንዳስከፋችሁ አውቃለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ራውተሩም፣ አንቴናውም፣ መብራት ሲጠፋ መሣሪያውን የሚያቆየው የዩፒኤሱ ባትሪም ከውጭ ነው የሚመጣው። ያኔ ወዲያው አልጨመርኩም፤ ከራሴ እያወጣሁ ቆየሁ። የቻልኩትን ያህል ችዬ ነው የጻፍኩላችሁ።

ይህን ሥራ የጀመርኩት ከፖሊ ቴክኒክ ትምህርቴ እንደወጣሁ፣ ቀበሌ 14 በነበረች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር በመጠገን ነው። ያኔ በአገሪቱ የነበረው የቴሌኮም አቅራቢ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱ ሲቋረጥ ከመጠበቅ ሌላ መላ አልነበረም። በ2015 መጀመሪያ ሁለተኛው አቅራቢ በይፋ ሥራ ሲጀምር እንደኔ የተደሰተ ያለ አይመስለኝም፤ ለደንበኛ ሁለት በር መክፈት የሚቻልበት ጊዜ መጣ ብዬ። በዚያው ዓመት ክረምት የሞባይል ዳታ በክልላችን ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ግን በዚያ በኩል የምንሠራው ሥራ አልነበረም። አብዛኞቻችሁ ያኔ የጥገናውን ክፍያ አላስቀራችሁብኝም። ሠራተኞቼን ሳልበትን ያሳለፍኩት በእናንተ ነው። ይህን ያደረገልኝን ሰው መስመር ሰርቄ ለሌላ እሰጣለሁ?

የምለምናችሁ ነገር አለ። ውላችሁን ለማቋረጥ የጻፋችሁልኝ ደንበኞች፣ ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ጊዜ ባለሙያ ልላክላችሁ። ከጎናችሁ ተቀምጦ የሁለቱን መስመር ፍጥነት ይለካላችኋል፤ የትኛው ኮምፒውተር በየትኛው እንደሚወጣ ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፍላችኋል። ትልልቅ ፋይል ብቻ የሚያወርድ፣ ባንክም ግብርም የማይነካ ኮምፒውተር ካላችሁ ያንን በቀድሞው አሠራር ብቻውን ልንተውላችሁ እንችላለን። የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒውተር ግን አትጠይቁኝ። ቢሮአችን እንደ ወትሮው ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ክፍት ነው፤ ከዚያ ወዲያም በእኔ ስልክ ደውሉ፣ አነሣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት